የጅማ ቡና ጆንያ ላይ የሰፈረው ስም የማን ነው?

ይህን የውይይት ክር መድረኩ ላይ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጅማ ውስጥ በአንድ ቡና አቅራቢ መጋዘን መዝገብ እይዛለሁ፤ ሚዛኑ አጠገብ ያለችው ጠረጴዛ የእኔ ናት። የጠየቅኩት ይህንን ነበር፦ ጎማ ወይም ማና ወረዳ የተለቀመ ቡና ከገበሬው ጓሮ ተነስቶ ጅቡቲ ወደብ እስኪደርስ፣ የማን እንደነበረ የሚናገረው መረጃ የት ላይ ነው የሚጠፋው?

ያስጠየቀኝ ነገር አለ። ባለፈው የቡና ወቅት ላኪው የ212 ገበሬዎቻችንን ዝርዝር ከነማሳቸው መገኛ ነጥብ ጠየቀን። ወጣቶች ቀጠርን፤ ክፍያው በሞሉት ስም ልክ ነው። አስሞላን፣ ላክን፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሰልን። ፋይሉን ካርታ ላይ ስከፍተው 61 ገበሬ አንድ ነጥብ ላይ ተደራርቦ አገኘሁት። ነጥቡን ተከትዬ ብሄድ የቀበሌው ግቢ፣ ዋርካው ሥር ነው። ልጁ ጥላ ይዞ ተቀምጦ ስም እየጠራ ሞልቶታል። ሌሎች 19 ገበሬዎች ደግሞ ጭራሽ ኢትዮጵያ ውስጥ የሉም። ጅማ ያለችው በግምት 7.67 ሰሜን፣ 36.83 ምሥራቅ ላይ ነው፤ ሁለቱ ቁጥሮች ቦታ ሲቀያየሩ የሚያርፉት ሰሜን አልጄሪያ፣ ሜዲትራኒያን ዳር ካለችው አናባ ከተማ አጠገብ ነው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። ቡናው ግን ሦስት ሳምንት መጋዘን ተቀመጠ፤ የብድሩ ወለድ ደግሞ አይስቅም።

እኔ ያኔ የጻፍኩት፣ መረጃው የሚጠፋው ስልክ ላይ ሳይሆን ሚዛን ላይ ነው የሚል ነበር። የሁለት ሰው ቡና አንድ ጆንያ ውስጥ ከተገለበጠ በኋላ የፈለገው ዓይነት መተግበሪያ ቢመጣ አይለየውም። በአምስት ቀን 38 ምላሽ መጣ። ምሽት ላይ ብቻ ለምትገቡ እንዲመች በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ የማይረባውን ዘልዬዋለሁ።

1ኛው መላሽ ለረጅም ዓመት የልማት ሠራተኛ የነበሩ አባት ናቸው። መጀመሪያ ጤንነቴን ጠየቁ፣ ጥያቄውን አመሰገኑ፣ ከዚያ በትሕትና አረሙኝ። መቀላቀሉ ከሚዛን በፊት ቤት ውስጥ ይጀምራል ባይ ናቸው። አንድ ገበሬ የራሱን ጓሮ፣ የእናቱን ማሳና ለእኩል የያዘውን መሬት ቡና አንድ አልጋ ላይ ያሰጣል። ሦስቱ መሬት ሦስት ቦታ ነው፣ ስሙ ግን አንድ። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የማድረቂያ አልጋውን መቁጠር ይሻላል የሚል ሐሳብ ሰጡ። ይህን ያን ቀን አልገባኝም ነበር፤ ኋላ ላይ ተመልሼበታለሁ።

2ኛው ተከታትያለሁ ብሎ ምልክት አደረገ፣ ሄደ።

3ኛው አዲስ አበባ ላኪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራውን የአውሮፓ ሕግ አብራራ። ሕጉ በ2023 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወጥቷል፤ ቡና፣ ካካዎ፣ የቀንድ ከብት፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማና እንጨት ይመለከታል። ምርቱ ከ2020 ዲሴምበር 31 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የመጣ መሆን የለበትም፤ በእኛ ታህሣሥ 22 ቀን 2013 መሆኑ ነው። የማሳው መገኛ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ተጽፎ መቅረብ አለበት። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን እያንዳንዱ ገበሬ ማሳውን ዙሪያውን ዞሮ ማስለካት ግዴታው እንደሆነና ሕጉ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን አንዴ ብቻ እንደተራዘመ ጻፈ።

4ኛው ተቆጣ። አውሮፓ የራሷን ደን ጨርሳ፣ በለጠ-ጌራ የሚባለውን ጫካችንን ዛፍ ልትቆጥርብን መጣች አለ። የኛ ገበሬ ቡናውን በጥላ ዛፍ ሥር እያለማ ደኑን እዚህ ያደረሰው ማንም ሳያዘው እንደሆነ አስረዳ፤ የደን ጠባቂነቱ ክፍያ ቢኖር ኖሮ ገንዘቡ ወደዚህ ነበር መምጣት ያለበት። ከሁሉም ምላሽ ብዙ መውደድ ያገኘው ይህ ነው። እኔም በልቤ ወደድኩለት። ነገር ግን ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም፤ መጋዘኔ ውስጥ የቆመውን ቡና አያንቀሳቅስልኝም።

5ኛዋ 3ኛውን አረመችው፣ ያውም ረጋ ብላ። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ዙሪያውን መለካት የሚጠየቀው ከዚያ በላይ ለሆነው ነው። ጅማ ዞን ውስጥ ደግሞ 4 ሄክታር ቡና ያለው ገበሬ በባትሪ ብርሃን ይፈለጋል። ማራዘሙም ሁለት ጊዜ ነው፦ በአውሮፓ አቆጣጠር መጀመሪያ ከ2024 መጨረሻ ወደ 2025፣ ከዚያ ወደ 2026 መጨረሻ፤ ለትንንሾቹ ድርጅቶች ደግሞ እስከ 2027 አጋማሽ። 3ኛው ወዲያው አመሰገናት። እንዲህ ዓይነት ጨዋነት እዚህ ሰፈር ብርቅ ስለሆነ ነው የማነሳው።

6ኛው ሰብሳቢ ነው፤ አጋሮ መንገድ ላይ እሸት ቡና ይገዛል። ረጅም ጻፈ፣ አንዳንድ ቦታ ፊደል ዘሏል፣ ግን ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። አንድ የኅዳር ምሽት አሳየን። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናቡ ያካፋል፣ አርባ ሰው በአህያና በሸክም ተሰልፏል፣ ሚዛኑ አንድ፣ ባትሪው አንድ። ቀይ እሸት የተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይፈላል፣ በማግስቱ ሲቀመስ ሆምጣጤ ነው። ስለዚህ መኪናው ከሁለት ሰዓት በፊት ወደ መፈልፈያ ጣቢያ መነሳት አለበት። የአርባ ሰው ቡና በአርባ ጆንያ ለየብቻ ይያዝ ማለት፣ ሦስት ኪሎ ያመጣችውን ሴትዮ ጆንያ ሰጥቶ ስም ጽፎ ማሰር ማለት ነው። ጆንያውስ የማን ነው? ጊዜውስ? እንዲህ ጠይቆ መፍትሔውን ራሱ አመጣ፦ ሰው ለሰው ሳይሆን ቀበሌና ቀን ለቀን እንለይ። የዛሬ የአንድ ቀበሌ ቡና ከነዝርዝሩ አንድ ሎት፣ ማለትም ሳይቀላቀል አብሮ የሚጓዝ አንድ ምድብ ይሁን። አንዱ ቢበላሽ አርባ ሰው እንጂ አራት መቶ ሰው አይጠረጠርም።

ሎት የሚባለው ነገር ምን እንደሚጠቅም እንዲህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ሥልጠና ላይ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

7ኛው የገበሬዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ ብሎ ገባና ሁላችንንም ተቃወመ። እነሱ ዘንድ እያንዳንዱ አባል ደብተር አለው፣ ያስረከበው ኪሎ በዕለቱ ይመዘገባል፣ ደረሰኝ በእጁ ይሰጠዋል። ይህን የሚያደርጉት ለአውሮፓ ብለው አይደለም። ዓመቱ ሲዘጋ የትርፍ ክፍፍሉ የሚሰላው ባስረከበው ኪሎ ስለሆነ ነው። ገበሬው ደረሰኙን ከጣሪያው ሥር በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ አንድ ኪሎ ቢጎድልበት ማኅበሩ በር ላይ ያድራል። ማለትም መዝገቡን የሚጠብቀው ጸሐፊው ሳይሆን ገበሬው ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ መቀየር የጀመረው። እኛ ዘንድ ገበሬው ሸጦ ብሩን ቆጥሮ ከሄደ በኋላ ስሙ በመዝገባችን ላይ በትክክል መጻፉ ምኑም አይደለም። ቢሳሳት የሚጎዳው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም። ታዲያ ለምን ይጨነቅልኝ?

8ኛው ለ7ኛው መልስ ሰጠ፣ ያውም በአሽሙር። ማኅበሩን ስሙን አልጠራም፤ እኔም አልጠራም። የአባቱ ደብተር ላይ ክፍፍል በተቃረበ ቁጥር ቁጥሩ በሌላ እስክሪብቶ እንደሚታደስ፣ ደረሰኙ ደግሞ ካርቦን አልቋል ተብሎ ሁለት ዓመት እንዳልተሰጠ ተናገረ። 7ኛው የትኛው ማኅበር እንደሆነ ጠየቀ። 8ኛው የሚያውቅ ያውቀዋል አለ። ከ9 እስከ 12 ያለው እዚሁ ላይ ተፈጀ፦ አንዱ ለማኅበር፣ አንዱ ለነጋዴ፣ አንዱ ሁለቱም ሌባ ናቸው ባይ፣ አንዱ ደግሞ 8ኛውን ከየት እንደሚያውቀው ለመናገር የሚቃጣው። አወያዩ 12ኛውን ግማሹን ሰረዘው።

13ኛው ሽበታቸው ከጽሑፋቸው የሚታይ የቀድሞ ቡና ነጋዴ ናቸው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2001 ዓ.ም ቡናን ሲረከብ የሆነውን አስታወሱ። ከዚያ በፊት ቡና በሰው ነበር የሚታወቀው፤ የእከሌ ሊሙ ከተባለ ገዢው ሳያይ ይገዛል። ከዚያ በኋላ መጋዘን ገብቶ ተቀምሶ በአካባቢና በደረጃ ተመደበ። ያልታጠበው ጅማ 5 ከተባለ ጅማ 5 ነው፣ የማን ጅማ 5 መሆኑ ያከተመ ጉዳይ ነው። ጥቅሙንም አልካዱም፦ ድሮ ቡና ሰጥተህ ብርህን ለመቀበል ስድስት ወር ደላላ ደጅ ትጠና ነበር፣ በምርት ገበያ ግን ገንዘቡ በማግስቱ ባንክ ነው። ገንዘባችንን አገኘን፣ ስማችንን አጣን የሚል ስሜት ነበረው ምላሻቸው።

14ኛው በዘመኑ ያለውን ጨመረላቸው። ማኅበራትና ዩኒየኖች፣ የራሳቸው እርሻ ያላቸው ባለሀብቶችም ያኔም ቢሆን በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር። ምርት ገበያው በኋላ ጆንያ ላይ መለያ ኮድ ማንጠልጠል ጀምሯል፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ ትስስር እንዲገበያዩ ተፈቅዷል። ስለዚህ ስሙ የጠፋው በሥርዓቱ ነው የሚለው ሰበብ አሁን አይሠራም፤ መንገዱ ተከፍቷል፣ የማንጠቀምበት እኛው ነን። ጋሼ ቅር ሳይላቸው ተቀበሉት።

15ኛዋ የቀድሞ ቡና ቀማሽ ናት። እሷ ያመጣችው የጃፓኑን ታሪክ ነው። በ2000 ዓ.ም ጃፓን ከእኛ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የተባይ ማጥፊያ ቅሪት አገኘች፣ ግዢውም ተንኮታኮተ። ገበሬያችን ቡና ላይ መድኃኒት የመርጨት ልማድ የለውም፤ ታዲያ ከየት መጣ? ጥርጣሬው ያረፈው ጆንያው ላይ ነበር። ችግሩ የነካው ጥቂት ጭነት ቢሆንም የትኛው ጭነት ከየትኛው መጋዘን፣ በየትኛው ጆንያ እንደተሞላ ነጥሎ ማሳየት ስላልተቻለ የአገሩ ቡና በሙሉ ተጠረጠረ። 6ኛው ያለውን አርባና አራት መቶ ጠቅሳ፣ ያኔ አርባውን የሚለይ መዝገብ ቢኖር ኖሮ አለች። ክሩ ላይ ስለ ጆንያ እንጂ ስለ ቡና ብቻ እንዳናወራ ያደረገችን እሷ ናት። በ16ኛው እኔ ራሴ የእኛ መጋዘን ያገለገለ ጆንያ ከየት እንደሚገዛ መዝግቤ እንደማላውቅ አመንኩ። በማግስቱ ሄጄ ሳይ ግማሹ ላይ የማዳበሪያ ጽሑፍ አለበት።

17ኛው ስለ ስም አነሳ። ጅማ ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ አራትና አምስት ሰው አይጠፋም፣ አባ የሚል መጠሪያ ሲጨመርበት ይባስ ይምታታል። አንዱ ቆጣሪ በአማርኛ፣ ሌላው በቁቤ፣ ሦስተኛው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል፤ አንድ ገበሬ ሦስት ሰው ይሆናል። እኔ ከ212ቱ ውስጥ ስንቱ ተደጋግሞ እንደሆነ ለማየት ሞከርኩና ራሴን አመመኝ።

18ኛዋ ከሁሉም ያላሰብኩትን ይዛ መጣች፤ ዘመን አቆጣጠር። የውጭ ገዢ ጆንያው ላይ 2017 የሚል ሲያነብ ሰባትና ስምንት ዓመት ያረጀ ቡና የተላከለት ይመስለዋል። ይህስ በስልክ ይብራራል። የባሰው ቅጹ ውስጥ ያለው ነው። ቡናው የተተከለበት ዓመት ሲጠየቅ ገበሬው 2015 ይላል፣ ቆጣሪው 2015 ይጽፋል፣ ኮምፒዩተሩ እንደ አውሮፓ ያነበዋል። ከ2020 በፊት ነውና አለፈ ይላል። እውነቱ ግን ያ ቡና የተተከለው ከገደቡ ቀን በኋላ ነው። እርግጥ ድሮም እርሻ በነበረ መሬት ላይ ከተተከለ ሕጉ አይከለክለውም፣ እሷም ይህን አልካደችም። ጭንቀቷ ሌላ ነው፦ የሚጎዳን ስሕተት ቶሎ ይታረማል፣ የሚጠቅመንን ግን ማንም አይፈልገውም፤ አንድ ቀን ሲገኝ ደግሞ ማጭበርበር ይባላል። ቅጻችንን ከፍቼ አየሁት። የዓመቱ ሳጥን ላይ ዓ.ም የሚል የለም።

19ኛው የፋይዳ ቁጥር ቢያያዝ የስሙ ጣጣ ያልቃል አለ። 20ኛው አባቱ ተመዝግቦ ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቁልፉን እንደጣለው ነገረን። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

21ኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ተማሪ ነው። በወጣት ወኔ ገብቶ ስለ ብሎክቼይን (አንዴ የተጻፈበት ስለማይሰረዝ የኮምፒዩተር መዝገብ)፣ ጆንያ ላይ ስለሚለጠፍ ኪውአር ኮድ፣ በርሊን ያለ ጠጪ ኩባያውን ይዞ የገበሬውን ፎቶ ስለሚያይበት ቀን አወራን። 22ኛው ወዲያው ተንፈስ አደረገው፦ ዋርካ ሥር የተሞላ ውሸት ብሎክቼይን ላይ ሲወጣ የማይፋቅ ውሸት ከመሆን ሌላ ምን ይጨምራል? ቃሉ ከዚህም የከረረ ነበር፤ ልጁ ቡና ተሸክሞ እንደማያውቅ እጁን ሳያይ ፈረደበት። የአገራችን ሰው ተማሪ ላይ ሲጨክን አይጣል ነው።

ልጁ ግን አልጠፋም። በ23ኛው ተመልሶ መጣ፣ ስለ ብሎክቼይን አንድ ቃል ሳይተነፍስ ስሌት አቀረበ። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት በግምት ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ወይም ሁለት ኪሎ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ይፈልጋል። በአካባቢያችን አንድ ሄክታር ሰባት ኩንታል ያህል ንጹሕ ቡና ይሰጣል ብንል፣ ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው የሚያስረክበው እሸት ከ21 ኩንታል ብዙ መራቅ የለበትም። መዝገቡ ላይ 60 ኩንታል ካለ ወይ መሬቱ በስሕተት ተጽፏል፣ ወይ የሌላ ሰው ቡና በእሱ ስም ገብቷል። ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ኤክሴል ይበቃል። ስሞቹን በቁጥር ተክቼ ዝርዝራችንን ላኩለት፤ ማታውኑ 11 የማይመስሉ ሰዎች ለይቶ መለሰልኝ። ከ11ዱ አራቱ ገበሬ አልነበሩም። ሰብሳቢዎች ናቸው፣ ከመንገድ የገዙትን በራሳቸው ስም ያስገቡ። አምስቱ የ1ኛው መላሽ አባት የተናገሩላቸው ናቸው፤ የእናትና የእኩል መሬት በአንድ ስም። የቀሩትን ሁለቱን እስከ ዛሬ አልፈታሁም።

22ኛው ይህን አይቶ ይቅርታ አልጠየቀም። አውራ ጣት ብቻ አደረገ። ያም ያው ነው።

24ኛዋ ክሩን ወደ ማጀት ወሰደችው። ስለ በርሊን ጠጪ ከመጨነቃችን በፊት እሷ መርካቶ ገበያ የገዛችው ቅቤ ውስጥ ያገኘችውን የተፈጨ ሙዝ ማን ይከታተልላት? በርበሬው ቀይ አፈር፣ ማሩ ስኳር ሆኗል። ለነጭ ዱካ ይፈለጋል፣ ለእኛ ግን ማንም አይፈልግም የሚል ምሬት ነበረበት። መልስ የለኝም። 25ኛው ከዚያው ተነስቶ የጌራ ማር እንዴት ከስኳር ማር እንደሚለይ አስተማረ፤ 26ኛው በሳይንስ ዘዴው ሳቀበት።

ከዚያ አንድ ሰው፣ 27ኛው፣ ቡና መጀመሪያ የተገኘው ጎማ ጮጬ ስለሆነ ዱካው ከዚያ መጀመር አለበት ብሎ ቀለደ። ቀልድ ነበር። ከ28 እስከ 31 ግን የቦንጋ ልጆች ደረሱና የለም እኛ ጋ ነው፣ ማንኪራ፣ ካፋ፣ የስሙ ምንጭ እያሉ ክሩን ጦር ሜዳ አደረጉት። የጮጬም ወገን አልተኛ። ይህ ጭቅጭቅ ከእኔ በፊት ነበር፣ ከእኔም በኋላ ይኖራል። አወያዩ ለየብቻ ክር ክፈቱ ብሎ ዘጋው።

32ኛው ሁሉንም ዝም አሰኘ። ጌራ ያሉ አንድ ገበሬ ናቸው፣ ልጃቸው ነው የጻፈላቸው። ቡናቸው ጫካ ውስጥ ነው፤ አያታቸውም ከዚያው ለቅመዋል። አንድ ጠዋት ኮፍያ ያደረገ ልጅ ስልክ ይዞ መጥቶ ማሳቸው መሐል ቆመና ቁጥር ጽፎ ሄደ። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። እሳቸው ሦስት ሌሊት አልተኙም። ነጥብ የሚወሰደው ግብር ሊጣል ነው፣ ወይ ጫካው የመንግሥት ነው ተብሎ ሊወሰድ ነው፣ ወይ ለባለሀብት ሊሰጥ ነው ብለው። ጎረቤታቸው ሆነ ብሎ የሌላ ሰው ማሳ አሳይቶ ሸኝቶታል። ጥያቄያቸው አንዲት ናት፦ ያ ቁጥር አሁን ማን ጋ ነው ያለው?

በ33ኛው መለስኩላቸው። አባቴ ብዬ ጀመርኩ፣ እውነቱን ነገርኳቸው። የእኛ ዝርዝር በእኔ ኮምፒዩተር፣ በአለቃዬ ስልክ፣ በላኪው ኢሜይል ውስጥ አለ፤ ላኪው ደግሞ ለገዢው ልኮታል። ከዚያ ወዲያ የሚቆጣጠረው ሰው አላውቅም። ይህን ስጽፍ አፈርኩ። እኔ ገበሬው የማይረባ ነጥብ ሰጠኝ ብዬ ስማረር፣ ገበሬው ነጥቡን ምን እንደማደርገው ሳልነግረው ነበር የወሰድኩት። ከደረሰኙ ተቃራኒ ነው፤ ደረሰኝ ለእሱ ይሰጣል፣ ነጥብ ከእሱ ይወሰዳል።

34ኛዋ፣ ያቺው 5ኛዋ፣ ለሽማግሌው ሌላ የሚያሳስብ ነገር ጨመረች። በጥላ ሥር ያለ ቡና ከሰማይ ሲታይ ደን ይመስላል። ገበሬ ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ ጥላውን ሲያሳሳ ሳተላይቱ ደን ተመነጠረ ሊል ይችላል። ስለዚህ የጉንደላ ዓመት አብሮ ቢመዘገብ፣ ቢቻል የቀበሌ ማስረጃ ቢያያዝ ጥያቄ ሲመጣ መልስ ይሆናል። ደግሞም ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ስልክ ብዙ ሜትር ስለሚስት፣ ስድስተኛው አኃዝ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ስድስተኛው አኃዝ በመሬት ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የእኛ ስልክ አሥር ሜትር ይስታል። ቅጹ የሚጠይቀው ግን አኃዙን ነው እንጂ ስሕተቱን አይደለም።

35ኛው 6ኛው ሰብሳቢ ተመልሶ የመጣበት ነው። እኛ ስንጨቃጨቅ እሱ ሞክሮት ነበር። የእሸቱ ጊዜ ስላለፈ በጀንፈል ጀመረ፦ ለሦስት ቀበሌ ሦስት ቀለም ገመድ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ማንበብ የማይችለው ጫኚም ይለየዋል። ጆንያው ውስጥ የቀኑ ዝርዝር በላስቲክ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ግልባጩ እሱ ጋ ይቀራል። ለሚያስረክበው ሰው ደግሞ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ ዋጋ ከጨመረ ወረቀቱን ላመጣ በኪሎ ትንሽ እጨምራለሁ ብሎ ቃል ገብቷል። ሴቶቹ ወረቀቱን መሐረብ ውስጥ መቋጠር ጀምረዋል። 7ኛው ይህን አይቶ ምን እንዳለ ልትገምቱ ትችላላችሁ፤ እኛ ስንት ዓመት ያደረግነውን ነው ሲል 36ኛ ሆኖ ገባ። እውነቱን ነው።

ችግሩ የመጣው መቀሸሪያው፣ ማለትም የጀንፈሉን ገለባ የሚያነሳው ማሽን ላይ ነው። ሰብሳቢው ቀዩን ገመድ አስቀሽሮ ቢጫውን ሲያስገባ፣ የመጀመሪያው ጆንያ ላይ የወጣው ከቀዩ የተረፈ ነበር። ማሽኑ ሆድ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀር አለ፤ ባለ ማሽኑ ደግሞ ለሦስት ኩንታል ብሎ አጥፍቶ አይጠርግም። መብራቱም ከጠፋ ሲመለስ የማን እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። 37ኛዋ፣ ቀማሿ፣ ከእያንዳንዱ ቀለም የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኪሎዎች ለብቻ ተይዘው ቅይጥ በሚል መዝገብ ይግቡ፣ የቀረው በቀለሙ ይሂድ አለች። ኪሳራው ትንሽ ነው፣ ውሸቱም ይቀራል።

እኔ ከዋርካው ሥር የተወሰዱትን 61 ነጥቦች እንደገና እየወሰድኩ ነው። አሁን ራሴ እሄዳለሁ፤ ለእያንዳንዱ ገበሬ የወሰድኩትን ቁጥርና ለማን እንደምልከው የጻፍኩበት ወረቀት ትቼ እመጣለሁ። እስከ ትናንት 23 ደርሻለሁ። አንዱ ወረቀቱን አንብቦ መለሰልኝና የልጁ ስም ይግባበት አለ፤ መሬቱ ካለፈው ዓመት ጀምሮ የልጁ ነው።

38ኛው ትናንት ማታ ገባ። ሰብሳቢው ነው፤ ሰማያዊው ገመድ አልቆበታል፣ አጋሮ ላይም ጠፍቷል፤ እዚህ ጅማ ሕርማታ ገበያ የሚገኝ ከሆነ ጠየቀ። ነገ ሐሙስ ነው፣ የገበያ ቀን። ሁለት ጥቅል እገዛለታለሁ፤ ከሌለ አረንጓዴ።